እናቶቹ ስልክ ላይ ምን ይሠሩ ነበር? ሰሞኑን ለሚዞረው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራምም በፌስቡክም ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከአንድ በላይ ሰው ልኮልኛል። አንዷ ጓደኛዬማ «አንብቢና ንደጂ» ብላ ነው የላከችልኝ። ጽሑፉ ስለ ኮሮና ጊዜ ነው፤ በተለይም የአዲስ አበባ እናቶች ያኔ በየግሩፑ ስላሳለፉት ሰዓት። የጸሐፊው ብዕር ይጥማል። መሀል ከተማ ማደጋቸውም ያስታውቃል። ስለ ፒያሳና ስለ ካዛንቺስ ግቢዎች የጻፉትን ሳነብ ብዙ ቦታ ላይ «ልክ ናቸው» ብያለሁ። መደምደሚያው ላይ ግን ተለያየን።

ያላሉትን እንዳላስብላቸው ክርክራቸውን መጀመሪያ በአጭሩ ላስቀምጥ። እናቶች በወረርሽኙ ጊዜ ስልክ ላይ ተጥደው ስለዋሉ ልጆቻቸው የስልክ ሱሰኛ ሆነው ቀሩ ይላሉ። የእናቶች ግሩፖች የሐኪምን ቦታ ወሰዱ፤ የነጭ ሽንኩርቱም የክትባቱም ወሬ የተነዛው ከዚያ ነው ይላሉ። ጉርብትና የሞተው ያኔ ነው፤ አራስ ጥየቃ በስቲከር ተተካ፣ ቡና መጠራራት ቀረ ይላሉ። የቤት ገበና አደባባይ ወጣ ይላሉ። ደግሞም ይህ ሁሉ የሞላላቸው ሴቶች ቅንጦት ነበር፤ እንደ ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ ባሉ የፒያሳ የድሃ ሰፈሮች ያለች እናት ልጇን ያለ ቴሌግራም አሳድጋለች ይላሉ። በመጨረሻም እናቶች ግሩፖቹን ዘግተው ወደ ቡናቸው እንዲመለሱ ይመክራሉ።

እኔ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ልጄን የወለድኩት በ2012 ዓ.ም. ፋሲካ ሰሞን ነው። የምንኖረው ካዛንቺስ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። የእርጉዞችና የአራሶች ግሩፕ ውስጥ ነበርኩ፤ አሁንም አለሁ።

ጽሑፉ የዘነጋው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ጊዜውን። የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ተከለከለ። ታክሲው በግማሽ እንዲጭን ተደረገ። ስልክ ስንደውል እንኳ ከመጥሪያው በፊት የምንሰማው «እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ምክር ነበር። ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ክርስትናው ሁሉ በጥቂት ሰው ሆነ። በዚህ መሀል እርጉዝ ነበረች። አራስ ነበረች። ሌሊት ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋ የምታድር ነበረች። እነዚህ ሴቶች «ምን ላድርግ?» ብለው ማንን ይጠይቁ? ጽሑፉ ይህን አንድም ቦታ አያነሳም።

እሺ፣ ወደ ልጆቹ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትምህርቱ የት ሄደ? የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተከታተሉ ተባሉ። የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወርክሺቱን በቴሌግራም ይልኩ ጀመር። መምህሯ ትልካለች፤ እናት ታወርዳለች። ኮፒ ቤት ክፍት ከሆነ ታሳትማለች። ዝግ ከሆነ ልጁ ከስልኩ እያየ ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። መልሱን ፎቶ አንስታ መልሳ የምትልከው እሷ ናት። ሁለት ልጅ ካላት ወረፋ ነው፤ ስልኩ አንድ ነዋ። ፓኬጁ ሲያልቅ ደግሞ ካርድ መግዣው ከሽሮው ላይ ይቀነሳል። ጸሐፊው ስልክ ላይ ተጥዳ ያዩዋት እናት የሦስተኛ ክፍል ሳይንስ እያስተማረች ይሆናል። ስልኩን ለልጁ እንድትሰጠው ያደረጋት ትምህርት ቤቱ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊ ክፍያው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ እንዲያስከፍሉ ሲባል፣ የትኛው ትምህርት ቤት ስንት እንደጠየቀ የታወቀው በወላጆች ግሩፕ ነው። አንዷ ደረሰኟን ትለጥፋለች። ሌላዋ «ለእኛ እኮ ሙሉውን ነው የጠየቁን» ትላለች። ከዚያ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ከአራት ሳይበልጡ እርግጥ ነው። ያ ወሬ አልነበረም፤ ለብዙ ቤት የወር አስቤዛ ማለት ነበር።

ብዙ ልጆች በዚያው ዩቲዩብና ጌም መልመዳቸውን አልክድም። አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ፣ ውጪ ወጥቶ ኳስ መምታት ተከልክሎ፣ ልጅ ለወራት ተቀምጧል። ጸሐፊው እዚያ ቤት ውስጥ ቢሆኑ ምን ያደርጉ እንደነበር ቢጽፉልን ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሰው ደግሞ ከታሪኩ ጎድሏል። አባት የት ነበር? የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ከቤት እንዲሠራ ተነግሮት ነበር። ሥራቸው የቆመባቸው ብዙ አባቶች ቤት ውለዋል። ልጅ ስልክ ላይ ሲውል ጥፋቱ የእናት ብቻ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? በእርግጥ አባትን ከአራስ ቤት ያራቀው ወረርሽኙ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት ሲሰጣት ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው። በሦስት ቀን ገንፎ ማገንፋት እንኳ አይለመድም። የእኔው ባል የለመደው ያኔ በዩቲዩብ ነው። ገንፎው ጓጉሎ ነበር፤ ይህንን ጸሐፊው ከኢንተርኔት ጥፋቶች ዝርዝር ቢያስገቡት አልከራከርም።

ሐሰተኛ ወሬን የሚመለከተው ነጥባቸው ከሁሉም ከባዱ ነው። እውነት አለበት። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ዳማከሴ፣ ሁሉም በግሩፓችን አልፏል። በ2013 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ የኮሮና ክትባት አገር ቤት ሲገባም «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ መጥቶ ነበር። ይህን እያወቅሁ አልነበረም ብል ዋሾ እሆናለሁ።

ግን ወሬው ከየት መጣ? ጸሐፊው ምንጩ እናቶች ናቸው ይላሉ። የመጋቢት 2012ን ሰሞን ያስታውሱ። አትክልት ተራ ገና ወደ ጃን ሜዳ አልተዛወረም ነበር። የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ በአንዴ ሰማይ ነካ፤ ዋጋ የጨመሩ ሱቆችም ታሸጉ። ያንን ሁሉ ገበያተኛ አትክልት ተራ የላከው የአራሶች ግሩፕ አይመስለኝም። ታክሲ ውስጥ ይወራ ነበር። ጸጉር ቤት ይወራ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይወራ ነበር። ደግሞስ በዚያው መጋቢት ወር፣ ባህላዊና ዘመናዊ ሕክምናን አቀናጅቶ ለቫይረሱ መድኃኒት እየተሠራ ነው፣ የመጀመሪያ ሙከራዎችን አልፏል የሚል መግለጫ በቴሌቪዥን ሲነገር አልሰማንም? መግለጫውን የሰጡት ኃላፊዎች እንጂ እናቶች አልነበሩም። ያ መድኃኒት ፋርማሲ ደርሶ እስከዛሬ አላየነውም። የዚያ ሰሞን ሰው፣ ሹሙም ተራውም፣ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ነበር። ተስፋ ያላት ወሬ ስትመጣ ሁሉም ያስተላልፋል። ጥፋቱን ለእናቶች ለይቶ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ታክሲ ውስጥ የተወራውን ማንም አይመልሰውም፤ ሰው «ወራጅ» ብሎ ይወርዳል። ግሩፕ ውስጥ የተጻፈ ግን ቁጭ ብሎ መልስ ይጠብቃል። በእኛ ግሩፕ አንዲት አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሥራ ውላ፣ ደክሟት ገብታ፣ ማታ ማታ ቮይስ ትልክልን ነበር። አንዷ እናት «ያሳለኛል፤ ልጄን ማጥባት ላቁም?» ብላ ስትጠይቅ ከስሯ ብዙዎች «አቁሚ፣ ለሌላ ሰው ስጪው» ብለዋት ነበር። ነርሷ መጣችና የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውን ነገረቻት፦ ጭንብል አድርጊ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ማጥባትሽን ቀጥዪ። ምልክት ካለሽ በ8335 ደውዪ። ያችን አንዷን ብቻ አይደለም ያረመችው፤ «አቁሚ» ያሉትንም፣ ሳይጠይቁ የሚያነቡትንም ጭምር ነው። ቡና ላይ የተሰጠ የተሳሳተ ምክር እንዲህ የሚታረምበት ዕድል ስንት ነው? ቡናን እወዳለሁ፤ ግን ቡና ላይ ነርስ ሁልጊዜ አትገኝም።

የሐኪምን ቦታ ወሰዱ ለሚለው ደግሞ ክትባትን ላንሳ። ከወለድኩ በኋላ ልጄን የሳንባ ነቀርሳውን ክትባት፣ ቢሲጂውን፣ ላስከትብ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። «ዛሬ አይደለም፣ ማክሰኞ ነይ» ተባልኩ። ተናደድኩ። በዚያ ጊዜ አራስ ልጅ አቅፎ፣ በእጥፍ ታሪፍ ታክሲ ተሳፍሮ መመላለስ ቀላል አልነበረም። ምክንያቱን የነገረኝ ጤና ጣቢያው አይደለም፤ ግሩፑ ነው። የቢሲጂ አንዱ ብልቃጥ 20 ሕፃን ይከትባል። አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ለአንድ ሕፃን ብሎ ብልቃጥ መክፈት ብክነት ስለሆነ ሕፃናቱን በአንድ ቀን ይሰበስቧቸዋል። የኩፍኙም ነገር እንደዚያው ነው። ይህን ያወቁ እናቶች የየጤና ጣቢያውን ቀን ጻፉ። እዚህ ማክሰኞ፣ እዚያ ሐሙስ። ጠዋት ይጨናነቃል፣ ከሰዓት ይቀላል። ዛሬ የ45 ቀኑ ክትባት አልቋል፣ አትምጡ። ስንት እናት ከከንቱ ምልልስ ዳነች መሰለዎት? በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ አንድ የቀረ ምልልስ አንድ የቀረ ታክሲ፣ አንድ የቀረ ወረፋ፣ አንድ የቀረ ሳል ነው። ይህ ጤና ጣቢያን መተካት ነው? እኔ እንደሚገባኝ ለጤና ጣቢያው በነጻ መሥራት ነው።

አንድ ሌላ ማታ ደግሞ አለ። ሰባት ወሯን የጨረሰች እርጉዝ ልጅ ከባድ ራስ ምታት እንዳለባት፣ ዓይኗ ላይ ብዥ እንዳለባት፣ ፊቷም እንዳበጠ ጻፈች። ሆስፒታል መሄድ ፈርታለች፤ ኮሮና ያለው እዚያ ነው ተብላለች። ያን ሰሞን ይህ ፍርሃት ስንቷን ቤቷ እንዳስቀራት አላህና ማርያም ይወቁት። ግሩፑ ውስጥ «ዳማከሴ ጠጪ» ያላት የለም። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሁኑኑ ሂጂ» ነው ያላት። እርጉዝ ላይ ራስ ምታትና ብዥታ ሲደራረቡ ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ አደገኛ ምልክት እንደሆነ አብዛኞቻችን ከዚያ በፊት አናውቅም ነበር። ከግሩፑ አናት ላይ የተሰካው ጽሑፍ ውስጥ ግን ነበር፤ ከደም መፍሰስና ከልጅ እንቅስቃሴ መቀነስ ጋር። አንዷ ራይድ ጠራችላት። ሌላዋ በስልክ ይዛት ደረሰች። ጸሐፊው እናቶች ሐኪምን ረሱ ይላሉ፤ ያችን ልጅ ሐኪም ቤት ያደረሷት እነዚሁ እናቶች ናቸው።

ሚኒስቴሩ ራሱስ በየት ነበር የሚያናግረን? ያኔ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ የየቀኑን የታማሚ ቁጥር በፌስቡክና በትዊተር ገጻቸው ይለጥፉ ነበር። ሙያቸው የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ነው። ለሚኒስትር የተፈቀደ መንገድ ለእናት ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ጉርብትናው እንምጣ። ጸሐፊው ስሜታቸው የተነካው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የእኔም ተነክቷል።

ስለ አራስ ጥየቃው የጻፉት ከፊሉ ልክ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በቮይስ ሲመጣ እልልታው ይቆራረጣል፤ ኔትወርኩ አያስጨርሰውም። ፊት ለፊት እንደሚባለው አይሆንም። ግን ገንፎው በስቲከር አልመጣም። በር ላይ በሳህን ተከድኖ ነው የመጣው። አጥሚቱ በፔርሙዝ ነው የመጣው። ማን መቼ እንደሚያመጣ፣ ማን ልብስ እንደሚያጥብ ተራ የወጣው በቴሌግራም ነው፤ ሁሉም በአንዴ መጥቶ አዋጁንም እንዳይጥስ፣ አራሷንም እንዳያስይዝ። እናቴ የምትኖረው ጉለሌ ነው፤ ስኳርም አለባት። ልጄን መጀመሪያ ያየችው በቪዲዮ ነው። ጸሐፊው ይህ ጉድለት ነው ካሉ እስማማለሁ። ምርጫው ግን በቪዲዮና በእቅፍ መካከል አልነበረም። በቪዲዮና በምንም መካከል ነበር።

ደግሞ የመሀል ከተማ ግቢ ውስጥ የኖረ ሰው ጎረቤት ተለያየ ሲባል ይገርመዋል። ቧንቧው አንድ ነው። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው። ማድ ቤቱ ተጠጋግቷል። ርቀታችሁን ጠብቁ ሲባል «የቱ ጋ ሄደን?» ነበር ያልነው። በግቢያችን ቡናው ቀነሰ እንጂ አልቆመም፤ ሲኒው ግን የየራሳችን ሆነ። የራቀን የሌላ ሰፈር ዘመድ፣ የማኅበር ጓደኛ፣ የእቁብ ጸሐፊ ነው። ቴሌግራሙ የገባው ለዚያ ርቀት ነው።

የጸሐፊውን አስተሳሰብ መፈተሽ ከፈለግን አንድ አጋጣሚ አለልን። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ቴሌግራም የለም፤ ፌስቡክ የለም። ጉርብትናን የገደለው ግሩፕ ከሆነ፣ ያኔ ቡናው መመለስ ነበረበት። ልጆቹም ከስልክ መላቀቅ ነበረባቸው። የሆነው ሌላ ነው። ከተማው ፈርቶ በሩን ዘጋ። ልጆቹ ስልኩ ውስጥ የተጫነውን ጌም መጫወት ቀጠሉ። የክትባት ቀን የሚነግረን ጠፋ። ያችን አዋላጅ ነርስ አንድ በአንድ እየደወሉ የሚያጨናንቋት በዙ። በሽታው ደግሞ በዚያው ክረምት እየባሰ ነበር የሄደው። ከሦስት ሳምንቱ በኋላ ግሩፑ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» የሚሉ ነበሩ። «ወለድኩ እኮ» ያለችም ነበረች፤ ሳንሰማላት ወልዳ አራስ ሆናለች።

የሰፈሩ ጉርብትና የተበተነበትን ቀን ጸሐፊው ከእኔ ይልቅ በደንብ ያውቁታል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲፈርስ፣ ዕቃው በአይሱዙ ሲጫን ሁላችንም አይተናል። ልማቱ ያስፈልግ ነበር አያስፈልግም የሚለው የዛሬ ርዕሴ አይደለም። ግን አንድ ግቢ የነበርን ሰዎች ዛሬ ከፊላችን ገላን ጉራ፣ ከፊላችን ሌላ ኮንዶሚኒየም ነን። ድሮ በአንድ ግድግዳ የምንሰማማ ሰዎች ለመገናኘት ሁለት ታክሲ እንይዛለን። ታዲያ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን እናት አረፈች የሚለውን ዛሬ የምንሰማው በየት ነው? በዚያው በኮሮና ጊዜ ግሩፕ ነው። የእድራችን ለቅሶ እንኳ እዚያ ይለጠፋል። ጸሐፊው ይዘጋ የሚሉት ይህንን ነው።

ገበናን በተመለከተ ብዙውን እቀበላለሁ። የልጅ ፎቶ ከነስሙ፣ የክትባት ካርድ ከነስልክ ቁጥሩ ሲለጠፍ አይቻለሁ። ስክሪንሾት እየወጣ የሰው ትዳር መነጋገሪያ ሆኗል። ይህ አያስመሰግንም። ግን ጸሐፊው ገበና ያሉትን ሁሉ በአንድ ቅርጫት አስገብተውታል። አንዲት እናት ከወሊድ በኋላ ልጇን ማቀፍ እንዳስጠላት፣ ሌሊት ሌሊት ያለ ምክንያት እንደምታለቅስ፣ ስሟ ሳይጠቀስ በአድሚን በኩል አስጽፋ ነበር። ከስሯ የመጣው መልስ «እኔም» የሚል ነው፤ ደጋግሞ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ሕመም እንደሆነ፣ ሕክምናም እንዳለው ያወቀችው ያን ቀን ነው። ባሏ የሚመታት ሴትም ጽፋለች፤ ወደ ኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የጠቆሟት እዚያው ነው። ያኔ ከቤት መውጣት በሚከብድበት ሰዓት ይህችን ሴት «ገበናሽን ሸፍኚ» ማለት ማንን ነው የሚሸፍነው?

ግሩፖቹ ገበያ ሆኑ ብለው በአንድ መስመር ነክተው ስላለፉትም ብዙ አልልም። ሆነዋል። ሥራዋን ያጣች ሴት ጭንብል ሰፍታ፣ በርበሬ አዘጋጅታ፣ ያገለገለ የልጅ ልብስ ለጥፋ ሸጣለች። ቴሌብር እንኳ ገና አልነበረም፤ የመጣው በ2013 ግንቦት ነው። በሐሰተኛ የባንክ ስክሪንሾት የተጭበረበሩም አሉ። መርካቶም ሌባ አለ።

የቅንጦት ነገር የሚለው ግን ከሁሉም በላይ ከነከነኝ። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱን መጥቀሳቸው በተለይ። እዚያ ሰፈር ልጇን ለሥራ ቤይሩት ያልላከች እናት መፈለግ ይሻል ነበር። እነዚያ እናቶች ኢሞን የሚያውቁት ቴሌግራም ከመለመዱ በፊት ነው። በ2012 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ አሠሪዎቻቸው ቤይሩት ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አምጥተው የጣሏቸውን የቤት ሠራተኞች ምስል ዓለም አይቶታል። እናቶቻቸው ያዩት በስልክ ነው። ሐምሌ 28 የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳም እንዲሁ። በዚያ ሌሊት የጎረቤቴ ስልክ ከእጇ አልወረደም። የልጇ ስም ጎን ያለው አረንጓዴ ምልክት እስኪበራ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ስልኩ ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ነበር። ቅንጦት ይሉት ይህን ነው?

ስማርት ስልክ ያልነበራት እናት ብዙ ነበረች፤ ያ እውነት ነው። ዳታ ውድ ነበር። በግቢያችን ግማሹ ሰው የሚደውልበት ብቻ ነበር ያለው። ከዚህ ጸሐፊው ያወጡት ድምዳሜ «ስለዚህ አያስፈልግም» የሚል ነው። እኔ ያየሁት ግን ስልክ ያላት በር እያንኳኳች «የልጅሽ ክትባት ሐሙስ ነው አሉ» ስትል ነው። ግሩፕ ውስጥ ያልነበረችዋም ከግሩፑ ደርሷታል። በዚህ መንገድም ያልደረሳት ካለች፣ እሷን የጎዳት የሌሎች ቴሌግራም መኖር ሳይሆን የእሷ አለመኖር ነው።

ይዘጋ ለሚለው ምክራቸው መልሴ አይዘጋም ነው። ይስተካከል ከተባለ ግን እስማማለሁ። አድሚኖች የልጅ ፎቶና የሕክምና ካርድ ሲለጠፍ ያጥፉ። መድኃኒት የሚያዝ ሰው ሙያው ይጠየቅ። ጤና ጣቢያዎችም የቢሲጂና የኩፍኝ ቀናቸውን በር ላይም በራሳቸው የቴሌግራም ቻናልም ይለጥፉ፤ እናቶች እየዞሩ እንዳያጣሩላቸው። ጸሐፊው ሰፊ አንባቢ አላቸው። የሚቀጥለው ጽሑፋቸው ለጤና ጣቢያዎቹ ቢሆን እኔም በግሩፓችን እለጥፈዋለሁ።